የሚያንቀላፋውን ተማሪ ከመቅጣት በፊት አዳሩን መጠየቅ ይገባል

በአገራችን ሰው ጧት ከሰው ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «እንደምን አደርህ?» ወይም «እንደምን አደሩ?» የሚል ነው። ማታ ሲለያይም «ደኅና እደር»፥ «ደኅና እደሩ» ተባብሎ ይሰነባበታል። ከሀብትና ከሥራ በፊት የሌሊቱ አዳር መጠየቁ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሌሊቱን በደኅና ያላደረ ሰው ቀኑን በደኅና ሊውል አይችልምና። ነገር ግን ይህ መልካም ሰላምታ ከልማድ ብዛት የተነሣ ጥያቄ መሆኑ እየተረሳ ሄዷል። ጠያቂው መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ ተጠያቂውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ጥያቄው በእውነት ሊጠየቅ፥ መልሱም በእውነት ሊደመጥ ከሚገባባቸው ስፍራዎች አንዱ የትምህርት ቤት ክፍል ነው።

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ያስተማረ መምህር ሁሉ በጧቱ ትምህርት ጊዜ ዐይኑን መግለጥ አቅቶት ራሱ ወደ ደብተሩ የሚያዘነብለውን ልጅ ያውቀዋል። ይህ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «ሰነፍ» ወይም «እንቅልፋም» የሚል ስም ይወጣለታል። በጓደኞቹ ፊት ይሳቅበታል፤ ቆሞ እንዲማር ይታዘዛል፤ አልፎ አልፎም ይመታል። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ምርመራ ያልተደረገበት ፍርድ ነው። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሌሊት የጎደለበትን ቀን የሚፈልግ ልጅ ነው። ትኩሳት የያዘውን ልጅ «ለምን አተኰሰህ?» ብለን እንደማንመታው ሁሉ፥ እንቅልፍ የጎደለበትንም ልጅ «ለምን አንቀላፋህ?» ብለን ልንመታው አይገባም። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ቅጣቱን ከከለከለ ለመምህሩ የሚቀረው ሥራ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ነው። ምክንያቱንም ለማወቅ እንቅልፍ ራሱ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው እንቅልፍን ሰውነት ሥራውን ሁሉ አቁሞ የሚጋደምበት ባዶ ጊዜ አድርጎ ያስበዋል። ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. የሰው አንጎል የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ መመዝገብ እንደሚቻል አስታወቀ። ከዚያ በኋላ የተኙ ሰዎች አንጎል በዚሁ መሣሪያ ሲመረመር፥ ሥራውን ይለውጣል እንጂ ሥራውን እንደማያቆም ተገለጠ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉት ሊቃውንት፥ የተኛ ሰው ዐይኖች በየጊዜው ከሽፋናቸው ሥር ወዲያና ወዲህ በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ፥ በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደ ነበረ እንደሚናገር ገለጡ።

እንግዲህ እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሰው ሲተኛ በመጀመሪያ ቀላል እንቅልፍ ይይዘዋል፤ ከዚያም ወደ ከባዱ እንቅልፍ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የልብ ትርታውና ትንፋሹ ይረጋጋል፥ የደሙ ግፊት ይቀንሳል፥ እሱን መቀስቀስም ያስቸግራል። ቀጥሎ ሕልም በብዛት የሚታይበት እንቅልፍ ይመጣል። በዚያን ጊዜ አንጎል እንደ ነቃ ሰው አንጎል ይሠራል፤ የእጅና የእግር ጡንቻዎች ግን ሰውየው በሕልሙ የሚያየውን በተግባር እንዳይፈጽም ይዝላሉ። ይህ ዙር በአዋቂ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ሌሊትም ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። ከባዱ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ፥ የሕልሙ እንቅልፍ በሌሊቱ መጨረሻ ይበዛል። ስለዚህ እንቅልፉ የተቈረጠበት ልጅ የሚያጣው ሰዓቱን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሊሠራለት የነበረውን ሥራ ጭምር ነው።

ይህም ሥራ ብዙ ነው። ለልጅ ዕድገት የሚያስፈልገው ሆርሞን ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚመነጨው በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኀይልም በእንቅልፍ ይጠነክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፥ የ153 ጤነኛ ፈቃደኞች የእንቅልፍ መጠን ለሁለት ሳምንት ከተመዘገበ በኋላ የጉንፋን ተሐዋሲ በአፍንጫቸው ተጨመረባቸው። ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት፥ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ጉንፋን ያዛቸው። እንቅልፍ ለረጅም ጊዜ የሚጎድልባቸው አዋቂዎችም ለደም ግፊት፥ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም የበለጠ እንደሚጋለጡ ታውቋል።

ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚልቀው ትምህርትን የሚመለከተው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት በቃል አስጠኗቸው። ከጥናቱ በኋላ ወዲያው ሲተኙ ያጠኑትን አብዛኛውን ይዘው ተገኙ፤ ከጥናቱ በኋላ ነቅተው ሲቆዩ ግን ብዙውን ረሱት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ምርመራዎች እንዳረጋገጡት፥ አንጎል ቀን የተቀበለውን ትምህርት ሌሊት ለይቶና አጥብቆ ያኖረዋል። መምህሩ በክፍል የጀመረው ሥራ የሚፈጸመው ልጁ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በብሔራዊ ፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ሲያገላብጥ የሚያድር ተማሪ እህሉን ወቅቶ ጎተራ ሳያስገባ በአውድማ ላይ እንደሚተው ገበሬ ነው።

ሰው የሚተኛበትን ጊዜ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን በአንጎላችን የሚከማቸው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ ያደክመናል፥ ስንተኛ ይቀንሳል። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በዐይን በሚገባው ብርሃን ይስተካከላል፤ ሲመሽም ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ አድርጎ ሌሊት መሆኑን ለሰውነት ያስታውቃል። የዚህን የተፈጥሮ ሰዓት አሠራር በሕዋስ ውስጥ የመረመሩት ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚህ ነገር የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ነው፤ የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጣት፥ የሌሊቱን ከፀሐይ መግባት ጀምረን እንቈጥራለንና። ምዕራብ ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ክረምት ከበጋ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ጨለማ ተሰጥቶናል። የጎደለን የሌሊት ርዝመት አይደለም፤ ያለንን ሌሊት መጠበቅ ነው እንጂ።

የሚያስፈልገው መጠን በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፥ አዋቂ ሰው ደግሞ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት ያስፈልገዋል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ የሆነበት የ10 ዓመት ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተነሣ፥ ቢያንስ 9 ሰዓት ይተኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንቅልፍ ሊይዘው ይገባል። በስንቱ ቤት በዚህ ሰዓት እራት ቀርቧል? በስንቱ ቤት ልጁ ከብቱን አስገብቶ፥ ውኃውን ቀድቶ፥ ትምህርቱን አጥንቶ ጨርሷል? ወላጅም መምህርም ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ቢሠሩት የሚያንቀላፋው ልጅ ነገር ብዙ ምርመራ አይፈልግም። ጐረምሳውና ኮረዳይቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ በዚያ ዕድሜ የተፈጥሮው ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ እንቅልፍ በጊዜ አይመጣላቸውም። ስለዚህ ማታ አልተኛም ማለታቸውና ጧት አልነሣም ማለታቸው ሁሉ ከእንቢተኝነት የመጣ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም።

በአካባቢያችን የልጆችን እንቅልፍ የሚያጎድሉት ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑ ብንመረምር ብዙዎቹ በዐይናችን ፊት ያሉ ናቸው። በገጠር የበቆሎ እሸት በሚደርስበት ወራት ጃርትና ከርከሮ ማሳውን እንዳያጠፉት በማማ ላይ የሚያድር ልጅ አለ፤ ይህም ወራት ትምህርት ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በከተማ ደግሞ ከገጠር መጥተው፥ ስንቅ እየተላከላቸው፥ ለሦስትና ለአራት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው መብራት አብርቶ ያጠናል፤ አንዱ ሲነቃ ሁሉም ይነቃሉ። ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ በገቡበት ቤትም ልጁ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያየው ብርሃን አንጎሉን «ገና አልመሸም» እያለ ያታልለዋል።

መኝታው ራሱም ምክንያት ይሆናል። ትኋን፥ ቁንጫና ቅማል ያለበት መደብ ወይም ቁርበት ላይ የተኛ ልጅ ሲያክክ ያድራል እንጂ ተኛ አይባልም። ሌሊት የምትናከሰው የወባ ትንኝም እንቅልፉን ከማቋረጧ ይልቅ የምታመጣው በሽታ የከፋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ጭምር በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ስለዚህ አጎበር ለእህል መሸፈኛ ወይም ለገመድ ሳይሆን ለመኝታ ይዋል። ምድጃው ከመኝታው ይለይ። ከሁሉ ይልቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ፍም አስቀምጦ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለምም ሽታም ስለሌለው፥ ጥቂት ሲሆን ራስን አሳምሞና አፍዝዞ ያሳድራል፤ ሲበዛ ግን የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ቡና ክብራችንና የጉርብትናችን ማሰሪያ ስለ ሆነ ማንም ይተው አይልም። ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ሥራ በመከልከል እንቅልፍን ያባርራል፤ ከተጠጣውም ውስጥ እኩሌታው ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣው ቡና እኩሌታው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ገና በደማችን ውስጥ አለ ማለት ነው። የማታውን ቡና ወደ ቀን ማዛወር፥ «በረካው ቀጭን ነው» ብሎም ለልጅ አለመስጠት ይገባል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ፍርሃት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉና ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው እንደ ቆዩ የታወቀ ነው። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከዚህ መከራ አላመለጡም። የተኩስ ድምፅ የሰማ፥ ወይም ዘመዱ የሞተበት ልጅ በጨለማ ዐይኑን ለመክደን ይፈራል፤ ቢተኛም እየጮኸ ይባንናል። ይህ ልጅ ወደ ክፍል በተመለሰ ጊዜ ቢያንቀላፋ፥ ምናልባት ክፍሉ ሳይፈራ የሚያርፍበት ስፍራ ሆኖለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ በአለንጋ መቀስቀስ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

«አባቶቻችን ጥቂት እየተኙ ታላላቅ ሰዎች ሆነዋል» የሚሉ ይኖራሉ። የቆሎ ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ በቃሉ ሲያጠና እንደሚያነጋ፥ የዋሸራና የዲማ ቅኔ ቤቶችም በዚህ ትጋት ስመ ጥር እንደ ሆኑ ይጠቅሳሉ። ትጋቱ በእውነት የሚከበር ነው። ነገር ግን እኛ የምንቈጥረው በዚያ መከራ አልፈው ሊቃውንት የሆኑትን ነው፤ በመንገድ የቀሩትን የቈጠራቸው የለም። ሊቃውንቱን ሊቃውንት ያደረጋቸውም ተሰጥዎአቸውና ትጋታቸው ነው እንጂ የእንቅልፋቸው መጉደል አይደለም። ገበሬውም በዶሮ ጩኸት ይነሣል ከተባለ፥ እራቱን እንደ በላ ወዲያው ይተኛ እንደ ነበረ አይዘንጋ። የዛሬው ልጅ መነሻውን ከገበሬው፥ መኝታውን ከከተሜው ወስዶ በሁለቱ መካከል ተጨንቋል።

የእንቅልፍ መጉደል ጉዳት በአዋቂዎች ላይ ሲሆን ቶሎ ይገባናል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ጐዳና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል፤ ከቡሬም ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው ቅልጥፍናው እንደሚቀንስ በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. አሳይቷል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ከምሽቱ 3 ሰዓት በመሪው ላይ ከተገኘ በዚህ ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ጫትም ድካሙን ይሸፍንለታል እንጂ አያስወግድለትም። ሾፌር ቢያንቀላፋ መኪናው ስለሚገለበጥ ሁላችንም እንፈራዋለን። ልጅ ቢያንቀላፋ ግን የሚገለበጥ ነገር በዐይን ስለማይታይ እንስቅበታለን። የሚገለበጠው የልጁ ትምህርት ነው።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? የሚያንቀላፋውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ በለሆሳስ ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ «ስንት ሰዓት ተኛህ? የት ተኛህ? ሌሊት ምን ቀሰቀሰህ?» መልሱ ሥራ ወይም ማማ ከሆነ ወላጁን አስጠርቶ ከላይ ያለውን ሒሳብ አብሮት ይሥራ፤ ጥበቃው ለአዋቂ ይሰጥ፥ ወይም በተራ ይሁን። መልሱ ትኋን ወይም ወባ ትንኝ ከሆነ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጠየቅ። መልሱ ፍርሃት ከሆነ ልጁ አይገደድ፤ ይደመጥ፥ ከሚያምነው ሰው አጠገብ እንዲተኛም ወላጆቹ ይመከሩ። ልጁ በቂ እንቅልፍ እየተኛ ሳለ ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ፥ ፊቱ የገረጣ፥ የሚያተኩሰው ወይም ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ነገሩ የሐኪም ነውና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ለዕለቱም ልጁ ፊቱን ታጥቦ በመስኮት አጠገብ፥ በብርሃን በኩል ቢቀመጥ ይረዳዋል።

ወላጅም በበኩሉ ሦስት ነገር ብቻ ይጠብቅ፤ የልጁ መኝታና መነሻ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ መኝታው በየጊዜው ፀሐይ ይምታው፥ ልብሱም በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጉ። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። መምህራንም ራሳቸው ደብተር ሲያርሙ ሌሊቱን እየጨረሱ ስለ እንቅልፍ ቢያስተምሩ ቃላቸው ኀይል አይኖረውም፤ ትዕግሥት ያለው መምህር አብዛኛውን ጊዜ የተኛ መምህር ነው።

ጽዳት ሲባል እጅን መታጠብ፥ ውኃን ማፍላት፥ መጸዳጃ ቤት መቈፈር ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እንቅልፍም ከነዚህ ጋር የሚቈጠር የጤና ሥርዓት ነው። ስለዚህ በሚመጣው ሰኞ ጧት እያንዳንዱ መምህር ተማሪዎቹን «እንደምን አደራችሁ?» ባለ ጊዜ፥ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ዐይኖቻቸውን እየተመለከተ መልሱን ይጠብቅ።